የእንሰቱ ጓሮ የማያውቀው እንግዳ

ለልጆች ስለ ፕላስቲክ ስናስተምር የምንለው ነገር ይታወቃል። «ፕላስቲክ አካባቢን ይበክላል፤ በየቦታው አትጣሉ።» ልጆቹ በአንድ ድምፅ «እሺ ቲቸር!» ይላሉ። ደወል ይደወላል። ከደቂቃ በኋላ የብስኩቱን ላስቲክ ንፋስ ይዞት ግቢው ውስጥ ይዞራል። እኛም «የዛሬ ልጅ አይሰማም» ብለን እናልፋለን።

እኔ በሆሳዕናና በዙሪያዋ ለዓመታት አስተምሬያለሁ፤ ዱራሜም ዶዮገናም ተመላልሻለሁ። «ልጆች አይሰሙም» የሚለው ነገር አይዋጥልኝም። ትእዛዙን እንሰጣቸዋለን እንጂ ታሪኩን አንነግራቸውም። ፌስታል ለእነሱ እንደ ዛፍና እንደ ድንጋይ ሁልጊዜ የነበረ ነገር ነው። ሁልጊዜ የነበረ ነገር ደግሞ አንድ ቀን ሊቀር ይችላል ብሎ ማሰብ ለትልቅ ሰውም ይከብዳል። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ልጻፍ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ከጓሮ እንጀምር። የሀዲያና የከምባታ ገበሬ ቤት አሠራር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከፊት ሣር የለበሰ ደጅ፣ መሀል ላይ ቤቱ፣ ከቤቱ ጀርባና ዙሪያ እንሰት፤ በሀዲይሳም በከምባቲሳም ዌሳ የምንለው። የከብቱ እበት፣ የምድጃው አመድ፣ የድንቹ ልጣጭ፣ የቤቱ ጥራጊ ሁሉ ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳል። አፈር የሚያጠኑ ሰዎች ለቤት የቀረበው የእንሰት ማሳ ከራቀው ማሳ ይልቅ ለም ሆኖ የሚያገኙት ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ጥቁር አፈር የስንት ትውልድ ጥራጊና ፍግ ነው።

በዚህ ቤት ላደገ ሰው «ጣለው» ማለት «መልሰው» ማለት ነበር። የተበላበት ቅጠል ጓሮ ተጣለ ማለት እንሰቱ ጎረሰው ማለት ነው። እንሰቱም ከ4 እስከ 7 ዓመት ቆይቶ ሲደርስ ቆጮና ቡላ ሆኖ ወደ ቤት ይገባል። ቆሻሻ የሚባለው ነገር በዚህ ዙር ውስጥ ብዙም ቦታ አልነበረውም።

ይህን የምለው ለአንድ ነገር ነው። እናቶቻችን ጥራጊ ከቤት አውጥተው ጓሮ ሲደፉ ንጽሕና ስለማያውቁ አልነበረም። ትክክል ነበሩ። የእኛም እጅ ዛሬ የሚሠራው ያንኑ የለመደውን ነው። የተለወጠው እጃችን የያዘው ነገር ነው። አንድ ቀን ጓሮው የማያውቀው እንግዳ መጣ፤ እጃችን እንደ ልማዱ ጣለው፤ እንሰቱ ግን አልበላውም። ለልጅ ይህን ሳትነግረው «ቆሻሻ ነህ፣ ትጥላለህ» ብትለው ያፍራል እንጂ አይገባውም።

ለአምስተኛ ክፍል ልጆች የምሰጠው አንድ የቤት ሥራ አለ። «አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ልጅ እያሉ ከገበያ የሚገዛው ዕቃ በምን ተይዞ ነበር የሚመጣው?» በማግስቱ ክፍሉ ገበያ ይሆናል። «ቲቸር፣ አያቴ እኮ ፌስታል የሚባል አልነበረም አለችኝ!» ይላል አንዱ፣ የተዋሸ ይመስል።

ከዚያ መልሱ ይዘንባል። ቅቤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ። ቆጮ በእንሰት ቅጠል ታስሮ። ጨው በቅጠል ተቋጥሮ። ስኳር ባለሱቁ እንደ ቀንድ በጠቀለለው አሮጌ ጋዜጣ ወይም የደብተር ወረቀት። ወተትና ማር በቅል። እህል በስልቻ ወይም በጆንያ። ማሰሪያው ቃጫ፤ እሱም ከዚያው ከእንሰቱ የተፋቀ። ዝናብ ቢመጣ አንድ ሰፊ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ራስ ላይ መያዝ ነው። ለስላሳ መጠጥ እንኳ በብርጭቆ ጠርሙስ ስለነበር ባዶውን ሳይመልስ ወይም ማስያዣ ሳይከፍል ይዞ የሚሄድ ሰው አልነበረም።

ልጆቹ ሲዘረዝሩ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ። «ከእነዚህ ውስጥ ጓሮ ቢጣል አፈሩን የሚጎዳ የትኛው ነው?» ያያሉ፣ ይፈልጋሉ፣ ከተሰበረ ጠርሙስ በቀር አያገኙም።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን። «ድሮ ጥሩ ነበር፣ ፕላስቲክ መጥቶ አበላሸን» ብለን ብንጨርስ ልጆቹን ዋሽተናቸዋል። ፕላስቲክ ወደ ቤታችን የገባው እንደ ጠላት አልነበረም። እንደ ባለውለታ ነው የገባው።

እንስራን አስቡት። ባዶውን ራሱ ሸክም ነው። ውሃ ሲሞላ የሴቷን ጀርባ ያጎብጣል፤ አዳልጧት ብትወድቅ ውሃውም ዕቃውም በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ከዚያ የምግብ ዘይት ይዞ የመጣው ቢጫ ጀሪካን ደረሰ። ዘይቱ ሲያልቅ ጀሪካኑ ቀረ። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ክዳን አለው፣ አህያ ላይም ይጫናል። ስሙ ራሱ ከጦርነት የመጣ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ጀርመኖችን «ጄሪ» ይሏቸው ስለነበር የጀርመኖቹን የብረት ነዳጅ መያዣ «የጄሪ ቆርቆሮ» አሉት። ያ የወታደር ዕቃ በፕላስቲክ ተሠርቶ የእናቶቻችን የውሃ ዕቃ ሆነ። ለአንዲት ውሃ ቀጂ ልጅ ጀሪካን ነፃነት ነበር ብል አላጋነንኩም።

ኮንጎ ጫማንም አስቡት። ደጋ በሆነው ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ እግርን የሚያሳብጥ ዝሆኔ ያመጣል። ይህ በሽታ በደቡብ ኢትዮጵያ የስንቱን ገበሬ እግር እንደያዘ የሕክምና ሰዎች ያውቁታል። መከላከያው ጫማና የእግር መታጠብ ነው። ለብዙ የገጠር ሰው በአቅሙ የደረሰችው የመጀመሪያዋ ጫማ ደግሞ ያቺ የፕላስቲክ ኮንጎ ነበረች።

ማዳበሪያንም ተመልከቱ። ዘመናዊ ማዳበሪያ ወደ ገበሬው በስፋት መድረስ የጀመረው በ1960ዎቹ በአርሲና በወላይታ በተከፈቱት የግብርና ልማት ፕሮጀክቶች አካባቢ ነው። ዱቄቱ መሬት ገባ፣ ከረጢቱ ቤት ቀረ፣ ስሙም ለከረጢቱ ተረፈው። ዛሬ «ድንቹን ማዳበሪያ ውስጥ ክተተው» ስንል ማንም አይስቅም።

«ሃይላንድ»ም እንዲሁ ነው። የአንድ የታሸገ ውሃ ስም የባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ስም ሆነ። በመንገድ ዳር የሚኖሩ ልጆች መኪና ባለፈ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ የሚሮጡት ቆሻሻ ለቅመው አካባቢ ሊያጸዱ አልነበረም። ባዶው ጠርሙስ ዋጋ ነበረው። ውሃ ወደ ትምህርት ቤት ይያዝበታል፣ ወተት ይሸጥበታል፣ ዘይት ይገዛበታል። እነዚያ ልጆች ዕቃውን ደግሞ ደጋግሞ መጠቀም ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁ ነበር። ቆራሌውም፣ ልዋጭ እያለ በየመንደሩ የሚዞረውም፣ የመርካቶው ምናለሽ ተራም የቆሙት በዚሁ ዕውቀት ላይ ነው።

የከፈሉም ነበሩ። በአካባቢያችን ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች ድሮም በሙያቸው ምክንያት ሲናቁና ሲገለሉ የኖሩ ናቸው። ጀሪካንና የፕላስቲክ ባልዲ ሲመጣ የእንስራና የማሰሮ ገበያቸው ቀዘቀዘ። መገለሉ ሳይቀር እንጀራው ቀነሰ። ስለ ፕላስቲክ ጉዳት ስንናገር ይህን የሚያነሳ ሰው ብዙም አልሰማሁም፤ ለልጆች ግን መነገር ያለበት ታሪክ ነው።

ወደ ምንጩ እንሂድ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 ጆን ዌስሊ ሃያት የሚባል አሜሪካዊ ሴሉሎይድ የተባለውን ነገር ለመሥራት የተነሳው የቢሊያርድ ኳስ ከዝሆን ጥርስ ይሠራ ስለነበርና ጥርሱ ስለተወደደ ነው። በ1907 ሊዮ ቤክላንድ ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነውን የመጀመሪያውን ፕላስቲክ ሠራ። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊን በ1933 እንግሊዝ ውስጥ የተገኘው ደግሞ ሳይታሰብ፣ ሌላ ሙከራ ላይ ነው። ባለ ሁለት እጀታውን ፌስታል በ1965 አካባቢ ያስመዘገበው ሴሎፕላስት የተባለው የስዊድን ኩባንያ ሲሆን ፈልሳፊው ስቴን ጉስታፍ ቱሊን ይባላል።

ልጁ በኋላ ለጋዜጠኞች እንደተናገረው ቱሊን ፌስታሉን የሠራው የወረቀት ከረጢት ብዙ ዛፍ ስለሚያስቆርጥ ነው። ሐሳቡም አንዱን ፌስታል ደጋግሞ መጠቀም ነበር፤ ራሱ አጣጥፎ ኪሱ ይዞት ይሄድ ነበር ይላል ልጁ። እስኪ ይህን አስቡት። ዝሆንንና ዛፍን ሊያድኑ ይችላሉ የተባሉ ነገሮች ናቸው ዛሬ የምናማርራቸው። ጥፋቱ የመጣው ዕቃው ዘላለም እንዲኖር ተሠርቶ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ሲውል ነው።

ይህ አምስት ደቂቃ ተጠራቅሞ ምን እንደሆነ በ2017 «ሳይንስ አድቫንስስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አስልቶታል። የሰው ልጅ እስከ 2015 ድረስ 8.3 ቢሊዮን ቶን ፕላስቲክ አምርቷል። ቆሻሻ ከሆነው ውስጥ እንደገና ጥቅም ላይ የዋለው 9 ከመቶ ገደማ ሲሆን 12 ከመቶው ተቃጥሏል። የቀረው 79 ከመቶ ወይ በቆሻሻ መጣያ ወይ በየሜዳው ተቀምጧል። የት አካባቢ ካላችሁ፣ ከፊሉ እኛ ጋ ነው።

ሆሳዕና የተቀመጠችው ውሃ በሚከፈልበት ጀርባ ላይ ነው። በምዕራብ በኩል የወረደ ጎርፍ ወደ ጊቤና ኦሞ ይሄዳል፤ ኦሞ ደግሞ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። በምሥራቅ የወረደው በብላቴ አድርጎ አባያ ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ የሆሳዕና ልጅ ቦይ ውስጥ የጣላት ፌስታል በአንድ በኩል ብትሄድ የአባያ ዓሣ አጥማጅ መረብ፣ በሌላው ብትሄድ ድንበር ተሻግራ የኬንያ ዳርቻ ልትደርስ ትችላለች። ይህን ካርታ ላይ በጣት እየተከተልኩ ሳሳያቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ሩቅ አገር ሳንሄድ ደግሞ ላም አለች። ጨው የነካው፣ ምግብ የያዘ ፌስታል ስታገኝ ከነፌስታሉ ትውጠዋለች። ጨጓራዋ አይፈጨውም፣ ወደፊትም አያልፍም፤ እየተጠቀለለ ቦታ ይይዛል። ላሟ የጠገበች ይመስላታል፣ ግን ትከሳለች። በተለያዩ የአገራችን ቄራዎች የእንስሳት ሐኪሞች ባደረጉት ጥናት ከታረዱ ከብቶች ጨጓራ ውስጥ ከሚወጡት ባዕድ ነገሮች ብዙውን ጊዜ ቀዳሚው ፕላስቲክ ነው። ላም ለከተማ ልጅ ሥዕል ሊሆን ይችላል። ለሌሞ ወይም ለአንጋጫ ልጅ ግን ላም የቤቱ ቅቤ፣ የእንሰቱ ፍግ፣ የእሱም የደብተር መግዣ ናት።

መንግሥትስ? ብዙ ሰው አያስታውሰውም እንጂ የፌስታል ሕግ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆኑ፣ ለማይበሰብሱ ፌስታሎች የማምረትም ሆነ የማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ከደብተር ወረቀት የሚሳሳው ማለት ነው። ያቺ ስስ ፌስታል ግን ከየሱቁ አልጠፋችም። ከ18 ዓመት በኋላ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አጸደቀ። አዲሱ የተጠቃሚውን ግለሰብም ይቀጣል፤ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር።

ጎረቤቶቻችን ቀድመውናል። ኤርትራ በአውሮፓውያኑ 2005፣ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 ፌስታል ከልክለዋል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ2003 ስስ ፌስታልን አግዳ ወፍራሙን በገንዘብ እንዲሸጥ አደረገች። ይህን ከእኛ አካባቢ ሰው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ ስንት ወንድሞቻችን ደቡብ አፍሪካ ሄደው በንግድ እየኖሩ ነው! እዚያ ትልልቅ መደብር ገብተው ፌስታል በሳንቲም ይገዛሉ። እዚህ ለእረፍት ሲመጡ አንድ ኪሎ ሙዝ በሁለት ፌስታል ይሰጣቸዋል፣ በነፃ።

ሕጉን እደግፋለሁ። ግን ፍርሃት አለኝ። ቅጣቱ መጀመሪያ የሚያገኘው ገበያ ዳር ቅቤና ቆጮ የምትሸጠዋን እናት እንዳይሆን እፈራለሁ። 2,000 ብር ለእሷ የስንት ገበያ ትርፍ ነው? «ፌስታል ተከልክሏል» ስንላት «ታዲያ በምን ልያዘው?» ትላለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሱን ደግሞ እሷ ራሷ ወይም እናቷ ታውቀዋለች፤ ቅጠሉን እሳት አሳይታ ማለስለስ፣ ሳይቀደድ ማጠፍ፣ በቃጫ ማሰር።

እዚህ ላይ ነው እውነተኛው ጭንቀቴ። ይህን የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው። ከምባታ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ መሬቱ ለልጅ ሲካፈል የእንሰቱ ጓሮ ይጠባል። ባሕር ዛፍና ጫት የገባበትም አለ። ሆሳዕና ውስጥ በኪራይ ቤት የምታድግ ልጅ ጓሮ የላትም። እሷ ስታድግ ሕጉ ፌስታሉን ቢነጥቃት በምትኩ የምትይዘው አይኖራትም። የሚቀርባት ከፋብሪካ የሚመጣ ሌላ ዕቃ ይሆናል፣ እሱንም የሚገዛ ገንዘብ ካላት።

ታዲያ ምን እናስተምር? እኔ የምሠራውን ልናገር፤ የተሻለ ያላችሁ ጨምሩበት።

አንደኛ፣ እንቀብራለን። ጥቅምት ላይ በግቢው አትክልት ቦታ አንድ የእንሰት ቅጠል፣ አንድ የደብተር ወረቀት፣ አንድ የቃጫ ገመድ፣ አንድ ፌስታልና አንድ የብስኩት ላስቲክ ጎን ለጎን እንቀብራለን። ሰኔ ላይ ትምህርት ሳይዘጋ እናወጣለን። ቅጠሉና ወረቀቱ አፈር ሆነዋል። ቃጫው ሲነካ ይበጣጠሳል። ፌስታሉ ታጥቦ ገበያ ይመለሳል። የብስኩቱ ስም አሁንም ይነበባል። አንዲት ተማሪ አንድ ዓመት «ቲቸር፣ ይሄ መቼ ነው የሚሞተው?» አለችኝ። በየመጽሐፉ 400 ዓመት፣ 500 ዓመት የሚል አለ። እውነቱን ነገርኳት። ፌስታል ራሱ ከተሠራ ገና 60 ዓመቱ ስለሆነ 400 ዓመት ሲቆይ ያየ ሰው የለም፤ ቁጥሩ ግምት ነው። የሚታወቀው እየተሰባበረ ዓይን የማያየው ብናኝ እስኪሆን መድረሱ ነው። በ2022 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ያንን ብናኝ በሰው ደም ውስጥ አግኝተውታል።

ሁለተኛ፣ እናስጠይቃለን። አያት ያለው ልጅ አያቱን፣ የሌለው የጎረቤት እናት ይጠይቃል። የሚማሩት በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ ስለሆነ የቅጠሉንና የዕቃውን ስም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጽፈው ይመጣሉ። አንዳንዱን ስም እኔም ከእነሱ ነው የተማርኩት።

ሦስተኛ፣ እንለያለን። ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። ጀሪካን ለዓመታት ያገለግላል፤ ይከበር። ሃይላንድ ታጥቦ ይደገማል ወይም ለቆራሌው ይሸጣል። በክረምት ደብተር ከዝናብ የምታድን ፌስታል ታጥፋ ቦርሳ ውስጥ ትቀመጥ፣ እንደ ቱሊን ኪስ። ለከሰል ማቀጣጠያ ግን ፌስታል አይነደድ፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ የሚተነፍሰውም ምድጃው አጠገብ ያለችው እናትና ያዘለችው ሕፃን ናቸው።

ቅጠል ሁሉን ይመልሳል አልልም። ዘይት በኮባ አይያዝም። ወደ እንስራም ማንም ይመለስ አልልም፤ የዚያችን ልጅ ጀርባ ረስቼ አልናገርም። ግን ለቅቤ፣ ለቆጮ፣ ለዳቦ፣ ለሽንኩርትና ለሙዝ የሚሆን መያዣ ከጓሯችን ሳይጠፋ ከፋብሪካ መጠበቃችን ያሳዝነኛል።

የከተማችን ስም ሰው ቅጠል ይዞ ከሚወጣበት ከሆሳዕና በዓል እንደተወሰደ ይነገራል፤ ቀድሞ ዋቸሞ ነበረች። ቅጠል ለእኛ እንግዳ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። አያት ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ ቅቤ የሚጠቀለለው በቅጠሉ በየትኛው ገጽ ነው፣ በሚያብረቀርቀው ወይስ በጀርባው? ለምንስ? መልሱን ከነአካባቢው ስም ጻፉልኝ። ከሾኔም ይሁን ከሐደሮ፣ ከሺንሺቾም ይሁን ከሆመቾ። ሰብስቤ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።